በጀርመን የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ለምታጠናቅቁ፦ ወደ አውስቢልዱንግ (ከአሠሪ ጋር በውል የሚሰጥ የሙያ ሥልጠና) መሸጋገር፣ በመሃል መጓዝና ሥራ መጀመር

«አገልግሎቴ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል። እዚሁ ቆይቼ አውስቢልዱንግ መጀመር እችላለሁ ወይስ መጀመሪያ አገር ቤት መመለስ አለብኝ? በመሃል ቤተሰብ ጠይቄ ብመጣስ?» ቤኤፍዴ ወይም ኤፍኤስዮት (ሁለቱ የጀርመን የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ዓይነቶች) ላይ ካሉ ልጆች ደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ ይህ ነው። ከጀርመን ሳትወጡ መሸጋገር ይቻላል፤ ሁለት ወር ግን በጣም ትንሽ ነው። አብዛኛው ሰው የሚቸገረው አሠሪ አጥቶ አይደለም። አሠሪው ተገኝቶ ወረቀቱ ሳይደርስ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱ ስለሚያልቅበት ነው። ስለዚህ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ሥሩ።

መመሪያው በይበልጥ የሚጠቅመው በአረጋውያን ቤት፣ በሆስፒታል ወይም በአካል ጉዳተኞች ተቋም አገልግለው ወደ ነርስነት ሥልጠና (ፕፍሌገ) ለሚገቡ ነው። ሆቴል፣ ዳቦ ቤት ወይም ሌላ ሙያ የምትፈልጉም በዚሁ መንገድ ሂዱ፤ ልዩነት ባለበት ቦታ ጠቁመናል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓስፖርት። ከአንድ ዓመት በታች ከቀረው አሁኑኑ በበርሊኑ ኤምባሲ ወይም በፍራንክፈርቱ ቆንስላ አሳድሱ። የመኖሪያ ፈቃድ ከፓስፖርቱ ዕድሜ አልፎ አይሰጥም።
- የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ፣ አብሮት ከተሰጠው ተጨማሪ ወረቀት ጋር
- የበጎ ፈቃድ ውላችሁ
- የ12ኛ ክፍል ውጤትና ትራንስክሪፕት፣ ካላችሁም የ10ኛ ክፍል፤ ኦሪጅናሉ
- በጀርመን ፍርድ ቤት ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ የሠራው የጀርመንኛ ትርጉም
- የቤ 1 (መካከለኛ ደረጃ) የጀርመንኛ ቋንቋ ሰርተፊኬት (ጎተ፣ ቴልክ ወይም ኦኤስዴ ከሚባሉት ፈታኞች)
- ጾይግኒስ፣ ማለትም ያገለገላችሁበት ተቋም የሚጽፍላችሁ የሥራ ምስክር ወረቀት
- የአድራሻ ምዝገባ ወረቀትና የጤና መድን ማረጋገጫ
- የኩፍኝ ክትባት ማስረጃ። በጤናና በሕፃናት ተቋም ለሚሠራ፣ ከ1970 በኋላ ለተወለደ ሁሉ በሕግ ግዴታ ነው።
- ለትርጉም፣ ለፈተናና ለፈቃድ ክፍያ የሚሆን ቢያንስ 500 ዩሮ

ደረጃ 1፦ ሁለቱን ቀኖች አወዳድሩ

ውላችሁ የሚያበቃበት ቀንና ካርዳችሁ የሚያበቃበት ቀን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ሁለቱንም ጻፉና ከሚቀድመው ወደ ኋላ ቁጠሩ። ካርዳችሁ የተሰጠው በጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ሕግ አንቀጽ 19ሲ መሠረት ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ብቻ ነው፤ ተጨማሪው ወረቀት ላይም የምታገለግሉበት ተቋም ስም ሊጻፍ ይችላል። ካርዱ ላይ ሦስት ወር ቢቀርም አገልግሎቱ ከቆመ ሌላ ቦታ እንድትሠሩ አይፈቅድላችሁም።

ማስጠንቀቂያ፦ «አውስቢልዱንግ አግኝቻለሁ» ብላችሁ አገልግሎቱን ቀድማችሁ አታቋርጡ። ሥራው ከውሉ ቀን በፊት ከቆመ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጭ ዜጎች ቢሮ (አውስሌንደርቤሆርደ) የማሳወቅ ግዴታ አለባችሁ፤ ቢሮውም የፈቃዱን ጊዜ ሊያሳጥር ይችላል።

ደረጃ 2፦ አገልግሎቱ ወይም ካርዱ ከማለቁ 8 ወር በፊት የቤ 1 ፈተና ያዙ

ለአውስቢልዱንግ ፈቃድ በመደበኛው የሚጠየቀው ቤ 1 ነው። ብዙ የነርስ ትምህርት ቤቶች ግን ቤ 2 ይፈልጋሉ ወይም እስከ መጀመሪያው ቀን እንድትደርሱበት ያስፈርማሉ። የፈተና ቦታ ቶሎ ይሞላል፤ ውጤቱ ደግሞ ሳምንታት ይወስዳል። ከአረጋውያን ጋር በየቀኑ የምታወሩ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ መናገሩን ያልፉና ጽሑፉ ላይ ይወድቃሉ፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት መደበኛ ደብዳቤ በመጻፍ አሳልፉ። ከሴሚናር ቀኖቻችሁ የቋንቋ ሥልጠና የሚሆን ካለ ላኪ ድርጅታችሁን (ትሬገር) ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ የትምህርት ማስረጃችሁን አስተካክሉና አሳውቁ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው ይህ ነው። ኢትዮጵያውያን ላይ ብቻ የሚደርሱ ሁለት ችግሮችም አሉበት።

የመጀመሪያው ስም ነው። በፓስፖርታችን ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር ጀርመኖች የሚጠሯችሁ በአያታችሁ ስም ነው። የ12ኛ ክፍል ወረቀት ላይ ግን ሦስቱ ስሞች በተርታ ተጽፈዋል፤ አንዳንዴም አያት የሚባል ነገር የለም። በዚያ ላይ የላቲን አጻጻፉ ይለያያል። ኃይሉ የሚለው ስም አንዱ ሰነድ ላይ በ«አይ»፣ ሌላው ላይ በ«ዋይ» ተጽፎ ይገኛል። ለጀርመን ጸሐፊ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። ተርጓሚው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የፓስፖርታችሁን ቅጂ ስጡትና ትርጉሙ ላይ ስሙን ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደል እንዲጽፍ፣ ልዩነቱንም በግርጌ ማስታወሻ እንዲያስረዳ ጠይቁት። ልዩነቱ ከፊደል አልፎ ስሙ ራሱ የተለየ ከሆነ ግን ማስታወሻ አይበቃም፤ አገር ቤት ላለ ዘመድ ውክልና ልካችሁ ሰነዱን ካወጣው መሥሪያ ቤት ማሳረም ይኖርባችኋል። ይህ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ዛሬውኑ አረጋግጡ።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በ2004 እንደ ፈረንጆች የተወለደ ልጅ ትራንስክሪፕቱ ላይ «12ኛ ክፍል፣ 2014» ተብሎ ተጽፎ ቢገኝ ጀርመናዊው ጸሐፊ በ10 ዓመቱ ትምህርት የጨረሰ ይመስለዋል። ተርጓሚው ከእያንዳንዱ የኢትዮጵያ ዓመት ጎን የፈረንጁን (እዚህ ላይ 2021/22) በቅንፍ ያስገባ። ሲቪያችሁ ላይ ግን በፈረንጅ ዓመት ብቻ ጻፉ፤ መደባለቅ የሌላችሁን ክፍተት ይፈጥራል።

ትርጉሙ ሲያልቅ ማስረጃውን ለምትኖሩበት ክፍለ ግዛት የትምህርት ማስረጃ አረጋጋጭ ቢሮ ላኩ። ቢሮው በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል፦ በባየርን ጉንጸንሃውዘን ያለው የትምህርት ጉዳዮች ቢሮ፣ በባደን ቩርተምበርግ የሽቱትጋርት ሬጊሩንግስፕሬዚዲዩም ነው። የምትጠይቁት ከ«ሚትለረር ሹልአብሽሉስ» (የጀርመን መካከለኛ ደረጃ የትምህርት ቤት ማጠናቀቂያ) ጋር እኩል መሆኑን ነው። ለሦስት ዓመቱ የነርስነት ሥልጠና ከእሱ በላይ አያስፈልግም፤ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ይሁንልኝ ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ሊዘገይ ወይም ወደ ሌላ ቢሮ ሊመራ ይችላል። ኦሪጅናል በፖስታ አትላኩ፤ ማዘጋጃ ቤት ያረጋገጠውን ቅጂ ላኩ።

ደረጃ 4፦ ጾይግኒሱን ጠይቁ፣ አንብቡም

የበጎ ፈቃድ አገልጋይ የምስክር ወረቀት የማግኘት መብት በሕግ አለው። «ከዚህ እስከዚህ አገልግሏል» የሚል ብቻ ሳይሆን ሥራችሁንና ምግባራችሁን የሚገመግም ሙሉ ጾይግኒስ ጠይቁ። ማመልከቻ የምትልኩት አገልግሎቱ ሳያልቅ ስለሆነ ከማለቁ 6 ወር በፊት ጊዜያዊውን (ጽቪሸንጾይግኒስ) አስጽፉ፤ የመጨረሻውን ሲያልቅ ትወስዳላችሁ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቋንቋ የራሱ መለኪያ አለው፤ ሁሉም ዓረፍተ ነገር ምስጋና ይመስላል። ወሳኙ ስለ እርካታ የሚያወራው መስመር ነው፦

- «ሽቴትስ ጹ ኡንዘረር ፎልስተን ጹፍሪደንሃይት» እጅግ በጣም ጥሩ፣ 1
- «ሽቴትስ ጹ ኡንዘረር ፎለን ጹፍሪደንሃይት» ጥሩ፣ 2
- «ጹ ኡንዘረር ፎለን ጹፍሪደንሃይት»፣ «ሽቴትስ» ከሌለው፣ መካከለኛ፣ 3
- «ጹ ኡንዘረር ጹፍሪደንሃይት» ደካማ፣ 4

ብዙ ተቋማት አራተኛውን ሳያስቡት ይጽፋሉ። ካያችሁ በትሕትና እንዲያርሙት ጠይቁ፤ ጀርመን አገር ይህ የተለመደ ነው፣ ማንም አይቀየምም። የሠራችሁት ነገር በዝርዝር መግባቱንም ተመልከቱ፦ ማጠብና ማልበስ፣ መመገብ፣ ተሽከርካሪ ወንበር መግፋት፣ ከመርሳት በሽታ ጋር ያሉ አረጋውያንን ማዋል። «በየዕለቱ ሥራ ረድቷል» ማለት ለቀጣዩ አሠሪ ምንም አይነግረውም።

ደረጃ 5፦ አመልክቱ

አብዛኛው አውስቢልዱንግ ኦገስት 1 ወይም ሴፕቴምበር 1 ይጀምራል። ነርስነት ኤፕሪልና ኦክቶበርም ላይ ስለሚጀምር ዕድሉ ሰፊ ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ከአንድ ዓመት በፊት ይመለምላሉ፤ የአረጋውያን ቤቶች ግን ሦስት ወር እስኪቀረውም ይቀበላሉ።

መጀመሪያ የምትጠይቁት አሁን ያላችሁበትን ተቋም ነው። የሚያውቃችሁ ሰው እያለ የማያውቃችሁን መለመን አያስፈልግም። ቀጥሎ የሥራ ኤጀንሲው (አገንቱር ፉር አርባይት) ነፃ የሙያ ምክር ይሰጣል፤ ቀጠሮ ያዙና ክፍት ቦታዎችን በአድራሻ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ።

ፋይሉ አንድ ፒዲኤፍ ይሁን፦ ደብዳቤ፣ ሲቪ፣ ጾይግኒስ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ቋንቋ፤ በዚህ ቅደም ተከተል። ሲቪው ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ የቅርቡ ሥራ ከላይ ይሁን፤ ሁሉም ጊዜ በወርና በዓመት ይጻፍ። ደብዳቤው ላይ «ሰው መርዳት እወዳለሁ» ከማለት «ካለፈው መስከረም ጀምሮ የጠዋት ፈረቃ ላይ ነዋሪዎችን አነሣለሁ፣ ቁርስ አበላለሁ» ማለት ይበልጣል። ፈረቃና የሳምንት መጨረሻ ሥራ የለመዳችሁ መሆናችሁን ግልጽ አድርጉ፤ አሠሪው የሚፈራው ያንን ስላላወቀ በሁለተኛው ወር የሚጠፋ ሠልጣኝ ነው።

ለሙከራ ቀን (ፕሮበአርባይተን) ከጋበዟችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ለውጭ ዜጎች ቢሮ ኢሜይል ጽፋችሁ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። መልሱን አስቀምጡ።

ደረጃ 6፦ ከመፈረማችሁ በፊት ውሉን ፈትሹ

ደመወዙን እዩ። የነርስ ሠልጣኝ በመንግሥት ደረጃ ተከፋይ ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት ከቀረጥ በፊት ከ1300 ዩሮ በላይ ያገኛል። በሌሎች ሙያዎች ግን ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛው የመጀመሪያ ዓመት ክፍያ በ2025 ለጀመሩ 682 ዩሮ ነው። በዚህ ብቻ ቢሮው «መተዳደሪያ አይበቃም» ሊል ይችላል፤ ያኔ የተዘጋ የባንክ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ብቻ የሚወጣበት) ወይም የዋስትና ፊርማ ይጠየቃል። መኖሪያ ቤት የሚሰጥ አሠሪ ካገኛችሁ ኪራዩ ውሉ ላይ ወይም በተለየ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ቢሮው ይቆጥረዋል።

የነርስነት ሥልጠና ሦስት ዓመት፣ 2100 ሰዓት ትምህርትና 2500 ሰዓት ተግባር ሲሆን የሙከራ ጊዜው 6 ወር ነው። በሌሎች ሙያዎች የሙከራ ጊዜው ከ4 ወር አይበልጥም። ከትምህርት ቤቱም የመቀበያ ደብዳቤ መኖሩን አረጋግጡ፤ የአሠሪው ውል ብቻውን ጎዶሎ ነው።

ደረጃ 7፦ ካርዱ ሳያልቅ የፈቃድ ለውጥ አመልክቱ

የምትጠይቁት ከአንቀጽ 19ሲ ወደ አንቀጽ 16ኤ (የአውስቢልዱንግ ፈቃድ) መለወጥ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ይህንን እዚሁ ማመልከት ይችላል። ካርዱ ከማለቁ 3 ወር ቀደም ብላችሁ በኢንተርኔት ወይም በፖስታ አስገቡ፤ ቀጠሮ እስክታገኙ አትጠብቁ። ቀጠሮ መያዝና ማመልከት አንድ አይደሉም። ማመልከቻው የደረሰበትን ማረጋገጫ (ኢሜይል፣ የፋክስ ወረቀት፣ የአደራ ፖስታ ደረሰኝ) አትሙና ያዙ።

የምታስገቡት፦ ቅጹ፣ ውሉ፣ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ አሠሪው የሚሞላው የሥራ ማብራሪያ ቅጽ፣ ቤ 1፣ የትምህርት ማስረጃው ውሳኔ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የጤና መድን፣ ፓስፖርት። ከሜይ 2025 ወዲህ ፎቶው ዲጂታል ሆኗል፤ ፎቶ ቤቱ ወይም ቢሮው ውስጥ ያለው ማሽን በቀጥታ ይልከዋል። ክፍያው ወደ 100 ዩሮ ነው።

ካርዱ ሳያልቅ ካመለከታችሁ የቀድሞው ፈቃድ ውሳኔ እስኪሰጥ ይቀጥላል፤ ለዚህም ፊክትሲዮንስበሻይኒጉንግ የሚባል ወረቀት ይሰጣችኋል። ካርዱ ባለቀ ማግስት ካመለከታችሁ ግን ይህ መብት አይኖርም። አንድ ቀን እንኳ ልዩነት አለው።

ማስጠንቀቂያ፦ የቀጠለው የቀድሞው ፈቃድ ከነገደቡ ነው። አውስቢልዱንጉን መጀመር የምትችሉት አዲሱ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ቢሮው ካርዱን አዝዞ ወረቀቱ ላይ አዲሱን ሥራ የሚፈቅድ ማስታወሻ ሲጽፍ ነው። የመጀመሪያው ቀን ከቀረበና ካርዱ ካልደረሰ ይህን ማስታወሻ በግልጽ ጠይቁ። ያለ ፈቃድ ሥራ መጀመር እናንተንም አሠሪውንም ያስቀጣል፤ ቀጣዩን ፈቃድም ያበላሻል።

ደረጃ 8፦ በመሃል መጓዝ

ካርዱ ያላለቀ ከሆነ በሸንገን አገሮች ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መዞር ትችላላችሁ፤ ፓስፖርትና ካርድ ሁለቱም ኪሳችሁ ውስጥ ይሁኑ። ሥራ ግን አትሥሩ። ጤና ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ያለው የአውሮፓ መድን በአብዛኛው የአውሮፓ ኅብረት አገር ይሠራል፤ የኅብረቱ ዜጋ ላልሆነ ሰው ግን በዴንማርክና በስዊዘርላንድ አይሠራም፤ ለእነሱ የጉዞ መድን ግዙ።

ወደ ኢትዮጵያ ለመሄድ ከሁሉ የሚሻለው ካርዱ ገና እያለ ሄዶ መመለስ ነው። ካርዱ አልቆ በፊክትሲዮንስበሻይኒጉንግ የምትጓዙ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ካሉት ሦስት ሳጥኖች ምልክት የተደረገበትን እዩ። ሦስተኛው፣ አንቀጽ 81 ንዑስ አንቀጽ 4 የሚለው ከሆነ ካለቀው ካርድና ከፓስፖርት ጋር ተመልሳችሁ መግባት ትችላላችሁ። ንዑስ አንቀጽ 3 የሚለው ላይ ከሆነ ከወጣችሁ በዚያ ወረቀት አትመለሱም። ከመሄዳችሁ በፊት ካልገባችሁ ቢሮውን በጽሑፍ ጠይቁ።

የቲኬት ምርጫም ጉዳይ አለው። ያለቀ ካርድና ወረቀት ይዞ በሦስተኛ አገር መሸጋገር ከአየር መንገድ ሠራተኛ ጋር ጭቅጭቅ ያስነሣል፤ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ፍራንክፈርት የሚበረውን ምረጡ። የአውስቢልዱንግ ውሉን ቅጂ በእጅ ሻንጣ ያዙ። የጀርመን መድን ኢትዮጵያ ውስጥ ስለማይሠራ የጉዞ መድን አትርሱ። ከ6 ወር በላይ ውጭ ከቆያችሁ ፈቃዱ በራሱ ይሰረዛል።

ደረጃ 9፦ ቤትና መድን

የአገልጋይ ክፍሉን የምትለቁት ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ቀን ነው። ለቃለ መጠይቅ ስትሄዱ የሠልጣኞች ማደሪያ (ቮንሃይም) እንዳለ ጠይቁ። የግል ቤት ከሆነ ሳታዩ ገንዘብ አትላኩ፤ ዋስትናውም ከሦስት ወር መሠረታዊ ኪራይ ሊበልጥ አይችልም። በገባችሁ በ14 ቀን ውስጥ ከባለቤቱ በተሰጠው ማረጋገጫ አድራሻ አስመዝግቡ። ፋይላችሁ ወደ አዲሱ ከተማ ቢሮ የሚዛወረውም በዚህ ስለሆነ ማመልከቻ ላይ እያላችሁ ከተማ መለወጥ ውሳኔውን ያዘገየዋል።

በአገልግሎቱና በአውስቢልዱንጉ መካከል ክፍተት ካለ ክራንከንካሰውን (የጤና መድን ድርጅቱን) አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ከአንድ ወር ያነሰ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ ይሸፈናል። ከዚያ ካለፈ በራሳችሁ ትከፍላላችሁ፤ በወር ከ200 ዩሮ በላይ ነው።

ቦታው ካልተገኘ

ሦስት ወር ሲቀር ውል ከሌለ አትጠብቁ፤ በትይዩ ሌላ መንገድ ክፈቱ። ትሬገሩ ከተስማማ አገልግሎቱ እስከ 18 ወር ሊራዘም ይችላል፤ ቀላሉ ይህ ነው። ከ35 ዓመት በታች ከሆናችሁ፣ ቤ 1 እና በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ካላችሁ አንቀጽ 17 ለአውስቢልዱንግ ፍለጋ እስከ 9 ወር ፈቃድ ይሰጣል፤ በሳምንት 20 ሰዓት መሥራትም ይፈቅዳል፤ መተዳደሪያ ገንዘብ ግን ማሳየት ያስፈልጋል። ዲግሪ ያላችሁ ደግሞ ከአውስቢልዱንግ በፊት ዲግሪያችሁን በጸአቤ (የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ የሚገመግም የጀርመን ማዕከላዊ ቢሮ) አስገምግሙ፤ ክፍያው ወደ 200 ዩሮ ነው። በሙያችሁ መሥራት የሚቻልበት መንገድ ሊኖር ይችላል።

መመለስ ከሆነ ውሳኔው፣ ከመሄዳችሁ በፊት ባሉት ሰባት ቀናት ወይም ከለቀቃችሁ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻችሁን አሰርዙ። ያንን ወረቀት ለክራንከንካሰው፣ ለባንኩና በስማችሁ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ (በወር 18.36 ዩሮ) ካለ ለእሱም ላኩ። ካልላካችሁ ዕዳው ይቆለልና በአውስቢልዱንግ ቪዛ ስትመለሱ ይጠብቃችኋል።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

- ለቢሮው ኢሜይል ጽፎ መልስ መጠበቅ። ርዕሱ ላይ «ማመልከቻ» የሚል ቃል፣ ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና የካርድ ቁጥር የሌለው ኢሜይል እንደ ጥያቄ ብቻ ይታያል።
- የቤ 1 ኮርስ ተሳትፎ ወረቀትን እንደ ሰርተፊኬት ማስገባት። የሚቆጠረው ፈተናው ነው።
- አገር ቤት የተሠራ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ ማስረጃ ብቻ መያዝ።
- ለደላላ ገንዘብ መክፈል። የአውስቢልዱንግ ቦታ አይሸጥም፤ ውሉን የሚፈርመው አሠሪው ራሱ ነው።
- የኩፍኝ ሁለተኛ ክትባት መርሳት። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት ስለሚያስፈልግ በመጨረሻው ሳምንት ማሟላት አይቻልም።